ሌባ ሻዩ ልጅ፦ አንባቢ እየፈረደበትም አብሮት እንዲሄድ ምን ላድርግ?

ቀሓ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደርን በምትመስል፣ ስሟ ግን ሌላ በሆነ የነገሥታት ከተማ ውስጥ የሚካሄድ ምናባዊ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። የታሰበው ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች ነው። ረቂቁ 24 ምዕራፍ፣ 58 ሺህ ቃል ግድም ሆኗል። የቸገረኝ ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው።

ይትባረክ የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ ሥራው ሌባ ሻይ። ለማያውቅ፣ በድሮው ሥርዓት ዕቃ ሲጠፋ የሌባ ሻዩ ጌታ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጣና ወገቡን በመቀነት አስሮ ጫፉን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። በእኔ ዓለም መድኃኒቱ እውነት ይሠራል፤ ልጁ የተሰረቀውን ዕቃ ሽታ ይከተላል። ይትባረክ ግን መድኃኒቱን ስለለመደው አእምሮው አይጠፋም፤ የት እንደሚወድቅ መምረጥ ይችላል። ጌታው አዛዥ ክንፉ ናቸው፤ ዕድሜያቸው 50 ግድም ነው፣ ከተማው ሁሉ ይፈራቸዋል።

ምዕራፍ 9 ላይ ከአንድ ነጋዴ ቤት 12 አሞሌ ጨው ይጠፋል። የሰረቀችው የይትባረክ እህት ውዴ ናት። ሽታው ወደ ገዛ ቤቱ ሲስበው ቀጸላ የሚባል ቀጥቃጭ ደጃፍ ላይ ይወድቃል። ቀጸላ በዕድሜ የአዛዥ ክንፉ እኩያ ነው፤ ቀኝ እጁን ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ይትባረክ በጸጸት ይሠቃያል፣ ጌታውን ያጋልጣል፣ መጨረሻ ላይ በአደባባይ ይናዘዛል። ቀጸላም ይቅር ይለዋል።

ያነበቡልኝ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «ልጁ መድኃኒት ጠጥቷል፣ ምን ያድርግ» አሉ። ሌሎቹ «ከምዕራፍ 9 በኋላ ጠላሁት፣ መቀጠል አቃተኝ» አሉ። የመውደቁ ቦታ እንዲህ ይላል፦

«ዓለም ዞረበት። እግሩ የራሱ አልመስልህ አለው። ድንገት ጉልበቱ ከዳውና የቀጥቃጩ ደጃፍ ላይ ተዘረረ።»

ጥፋተኛም ተወዳጅም እንዲሆን እንዴት ላድርገው? ክፉውስ ሰውዬ ምን ያህል ክፉ ይሁን? ረቂቁን እያያችሁ ሳታዝኑ ንገሩኝ።

እንኮዬ በር

እህቴ፣ ሁለቱ አስተያየቶች ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። አንባቢው ይትባረክ በወደቀባት ቅጽበት ምን ያውቅ እንደነበር አልተነገረውም። ስለዚህ የራሱን ግምት ይሞላል፤ ሩኅሩኁ «አያውቅም ነበር» ይላል፣ ኮስታራው «እያወቀ ነው» ይላል። አንቺ የፈለግሽው መካከለኛ ስሜት የሚመጣው ነገሩን በማደብዘዝ አይደለም። ልጁ ምን እንዳወቀ፣ ምን እንደፈለገ፣ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ፍጹም ግልጽ አድርገሽ፣ ፍርዱን ብቻ ለአንባቢ ስትተይ ነው።

የለጠፍሽውን አንቀጽ ግሶቹን ተመልከች፦ ዞረበት፣ አልመስልህ አለው፣ ከዳው፣ ተዘረረ። አንዱም ይትባረክ ያደረገው አይደለም፤ ሁሉም የደረሰበት ነው። ጥፋቱን ከእጁ የወሰደችበት ብዕርሽ ናት። በእነዚህ ተክተሽ ሞክሪው፦

«ሽታው ወደ ግራ ነበር፣ ወደ እነ ውዴ ቤት። መቀነቱ ረገብ አለ፤ አዛዥ ክንፉ ትንፋሽ ሊሰበስቡ ቆመዋል። በስተቀኝ ከሰል የተከመረበት ደጃፍ አለ። ከዚህ ቤት ወጥቶ የሚከራከር የለም፤ ቢከራከርም የሚሰማው የለም። ይትባረክ ጉልበቱን አጠፈ።»

«ጉልበቱ ከዳው» የነበረው «ጉልበቱን አጠፈ» ሆነ። አሁን ያየውንም ያሰበውንም አንባቢው ያውቃል፤ ለእህቱ ብሎ እንዳደረገውም ያውቃል፤ የመረጠውን ሰው ለምን እንደመረጠው ደግሞ በደንብ ያውቃል፦ ተከላካይ ስለሌለው። ይህች የመጨረሻዋ ምክንያት ናት ነገሩን የምታከብደው። «ለእህቴ ብዬ ነው» ማንም ይቀበለዋል። «ከሁሉ ይልቅ አንተ ላይ ማድረግ ስለሚቀል ነው» ግን በጉሮሮ አትወርድም።

ሁለተኛ፣ አንድ መውደቅ አይበቃም። ምዕራፍ 9 ላይ ድንገት ከመጣ እንደ አደጋ ይቆጠራል። ሦስት አድርጊው። ምዕራፍ 2 ላይ መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ይዞት ይወድቃል፤ ሌባውም ትክክለኛ ሌባ ይሆናል፤ አንባቢም እሱም በሥራው ይኮራሉ። ምዕራፍ 5 ወይም 6 ላይ ግማሽ ነቅቶ ነው፤ ሁለት ደጃፎች ፊት ለፊት አሉ፣ ሽታው ከየትኛው እንደሚመጣ አልለየለትም፣ ደክሞታል፣ ወደ ቀረበው ያጋድላል። ያ ሰው በኋላ ንጹሕ መሆኑ ይሰማል፤ ይትባረክ ግን «መድኃኒቱ ነው» ብሎ ለራሱ ይነግራል። ይህ ንግርሽ ነው፤ ኋላ የሚመጣውን ቀድሞ የሚጠቁም። ምዕራፍ 9 ላይ ያችኑ ሰበብ እያወቀ ይጠቀምባታል። በዚህ መንገድ አንባቢው እያንዳንዷን ደረጃ አብሮት ወርዷልና ታች ሲደርስ «እኔ አልነበርኩበትም» ማለት አይችልም።

ሦስተኛ፣ «ከምዕራፍ 9 በኋላ መቀጠል አቃተኝ» ያሉትን በደንብ ስሚያቸው። ሰው መጽሐፍ የሚዘጋው ገጸ ባሕርዩ ክፉ ስለሠራ አይደለም፤ ክፉ ሠርቶ ስለቆመ ነው። «በጸጸት ይሠቃያል» ያልሽው ስንት ምዕራፍ ይፈጃል? ጸጸት ድርጊት አይደለም። ምዕራፍ 10 ላይ ያለቀሰበትን ሰርዘሽ አንድ ነገር አሠሪው፣ የሠራውም ይባስ ያበላሽ። ለምሳሌ በሌሊት ሁለት አሞሌ ወስዶ በቀጸላ አጥር ውስጥ ይወረውራል። መካስ ነው ያሰበው፤ ግን ተደብቆ ነው ያደረገው። በማግስቱ ጎረቤት አሞሌውን ያይና «ይኸው፣ የሰረቀው ተገኘ» ይላል። ፍርዱ የበለጠ ይጸናል። ድብቅ ደግነት ጥፋትን እንዴት እንደሚያጠነክር ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ልጁም ከዚህ በኋላ መደበቅ እንደማያዋጣ የሚማረው በተግባር ነው።

ርዝመቱ አያሳስብሽ። አማርኛ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ ግስ ውስጥ ስለሚያስገባ 58 ሺህ ቃል ለዚህ ዕድሜ ከበቂ በላይ ታሪክ ይይዛል።

ሰሜን ነፋስ

ከላይ የተባለው ደጃፍ ላይ ልጨምር፤ የእርስዎ መጽሐፍ ትልቁ አደጋም ትልቁ ዕድልም ያለው እዚያ ነው።

ቀጥቃጭ መምረጥዎ በአጋጣሚ አይመስለኝም። በጎንደር ዙሪያ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ከሆኑት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ወለቃ ለዚህ የታወቀች መንደር ናት። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምጣዱን ከእነርሱ የሚገዛው ገበሬ መልሶ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። በከተማይቱም ውስጥ ሰፈራቸው የተለየ ነበር። ስለዚህ ይትባረክ ከሰል የተከመረበትን ደጃፍ ሲመርጥ ከተማው ለማመን የተዘጋጀበትን ውሸት ነው የመረጠው። ይህን በምዕራፍ 3 ወይም 4 ላይ በአንድ ትንሽ ነገር ያሳዩ፤ ለምሳሌ አንዲት እናት በቀጸላ ቤት በኩል ስታልፍ የሕፃኗን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። ማብራሪያ አያስፈልገውም። ምዕራፍ 9 ላይ ያቺ ነጠላ ሥራዋን ትሠራለች።

አሁን አደጋው። በዓለምዎ ውስጥ አስማት እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ይሠራል ብለዋል። እንግዲህ ቡዳም እውነት ነው ወይ? ይህን ሳይወስኑ አንድ ምዕራፍ እንዳይቀጥሉ እለምንዎታለሁ። ቀጥቃጩ በእርግጥ ዓይነ ክፉ የሆነበት ዓለም ከፈጠሩ፣ ብዙ ሰው የተጎዳበትን ስም ማጥፋት የዓለምዎ ሕግ አድርገውታል፤ ይትባረክም ከደሙ ንጹሕ ይሆናል። በግልጽ ውሸት ያድርጉት። አስማቱ ያለው በሕግ ወገን፣ በጌታው የመድኃኒት ቀንድ ውስጥ ብቻ ይሁን፤ የሚፈራው ቀጥቃጭ ደግሞ ከሰል፣ ብረትና ሙያ እንጂ ሌላ ኃይል የሌለው ሰው ይሁን።

ቀጸላን ራሳቸውን በተመለከተ፣ በረቂቁ ውስጥ ያላቸው ሥራ መጎዳትና ይቅር ማለት ብቻ ከሆነ ሰው አልሆኑም። ተበዳይን ቅዱስ ማድረግ እሱን የማክበር መንገድ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን በዳዩን ማቅለል ነው፤ ቅዱስ ይቅር ለማለት ምንም አያወጣምና። አንድ ጉድለት ይስጧቸው። በምዕራፍ 5ቱ ክስ ንጹሕ የነበረውን ሰው ቀጸላ ያውቁት ነበር እንበል፤ መናገር ይችሉ ነበር፣ ዝም አሉ፤ የሌላ ሰው ጣጣ ነው ብለው። ያኔ የሁለቱ ግንኙነት ቀላል አይሆንም።

ደግሞ ሙያውን ይወቁት፣ ታሪኩን ራሱ ይገፋልዎታል። ቀጥቃጭ በግራ እጁ ጉጠት ይዞ የጋለውን ብረት መስፍ ላይ ያገላብጣል፣ በቀኙ መዶሻ ይመታል፣ ሌላ ሰው ወናፍ ይነፋል። ቀኝ እጅ ሲሄድ የቀረው ጉጠት መያዝ ነው። ብረቱን ማዞር፣ የሚመታበትን ቦታ ማሳየት፣ መቼ ከእሳት እንደሚወጣ በቀለሙ መለየት ይችላሉ፤ መምታት ግን አይችሉም። አንድ ሰው መምታት አለበት፤ አለበለዚያ ቤቱ ይዘጋል። ሴት ልጅ አላቸው? ካላቸው መዶሻውን የምታነሳው እሷ ናት፣ ያውም ወናፍ ነፊ እንጂ መቺ ሆና የማታውቅ። የመጀመሪያው ማጭዷ ጠማማ ይወጣል፤ ብረቱ ቀዝቅዞ እያለ ስለመታችው ይሰነጠቃል። ከእጅ መቆረጥ ይልቅ ያ የተሰነጠቀ ማጭድ አንባቢን ይይዛል።

የመቆረጡን ትዕይንት በቀጥታ አያሳዩ። ለዕድሜው ብቻ ብዬ አይደለም፤ ደም ያየ አንባቢ ፈጥኖ ይፈርድና ይገላገላል። ከሳምንታት በኋላ ሰውየው የመቀነታቸውን አንድ ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው በአንድ እጅ ሲታጠቁ ይትባረክ በአጥር ቀዳዳ ይያቸው። የመቀነት ነገር ለእርሱ ምን እንደሆነ አንባቢው ያውቃል።

የአዘዞ ልጅ

ቀሓ ዳር፣ ጥያቄሽን ራሱን መልሰሽ አንብቢው። አዛዥ ክንፉ «ናቸው»፣ ከተማው «ይፈራቸዋል»። ቀጸላ እኩያቸው ሆኖ «ይባላል፣ ይቆረጣል፣ ይቅር ይለዋል»። ሰሜን ነፋስ ግን ቀጸላን አንቱ ብሏቸዋል፤ ልብ ብለሽ እንደሆነ።

ይህ ስሕተት ነው እያልኩሽ አይደለም፤ እንዲያውም እጅሽ ላይ ያለ ትልቁ መሣሪያ ነው። አማርኛ ተራኪው ማንንም ሰው ሲጠራ ፍርድ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ «መጣ» ወይም «መጡ» ከማለት ማምለጥ አይችልም። ትረካሽ በሦስተኛ መደብ ሆኖ ለይትባረክ ቅርብ ከሆነ፣ ተራኪው የሚያከብረውና የሚንቀው የይትባረክን ያህል ነው። ሁሉን አወቅ ተራኪ ከሆነ ደግሞ ንቀቱ የአንቺ የደራሲዋ ይሆናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ወስኚ። እኔ ቅርቡን እመርጣለሁ።

ከዚያ እንዲህ አድርጊ። እስከ ምዕራፍ 13 ድረስ ቀጸላ ይግባ፣ ይውጣ፣ ይናገር፤ በ«እሱ»። ነጋዴው፣ አዛዡ፣ ደብተራው ሁሉ በ«እሳቸው»። አንባቢው ለምዶት ስለኖረ አይታወቀውም። ይትባረክ በአጥር ቀዳዳ ካየ በኋላ፣ ከቀጣዩ ምዕራፍ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ «ቀጸላ ከሰል ሊያወጡ ወደ ጓሮ ዞሩ» ብለሽ ቀጥዪ። አንድም ማብራሪያ አትጨምሪ፤ «ከዚያን ቀን ጀምሮ አከበራቸው» የምትል ዓረፍተ ነገር ካስገባሽ ሁሉም ነገር ፈሰሰ። የገጸ ባሕርይ ዕድገት ማለት ይህ ነው፦ ልጁ ተለወጥኩ ሳይል የሚያይበት ዓይን ሲለወጥ።

ለአዛዥ ክንፉ ግን ተቃራኒውን ስሕተት እንዳትሠሪ። ብዙ ጸሐፊ ክፉው ሰው ሲጋለጥ ተራኪው ድንገት «አለ፣ ሮጠ፣ ወደቀ» ማለት ይጀምራል። ያ በቀል ነው፤ አንባቢን «አሁን መናቅ ተፈቅዶልሃል» ማለት ነው። እስከ መጨረሻዋ ገጽ «አሉ» ይሁኑ። አንቱታው አንድ ጊዜ ብቻ ይሰበር፣ እሱም በይትባረክ አፍ፣ ፊት ለፊት፣ ምዕራፍ 21 አካባቢ፦ «አንተ ነህ ያጠጣኸኝ።» ወዲያው ደግሞ ራሱ ይደንግጥ። ጌታውን አንተ ያለ ልጅ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ የለውም፤ በዙሪያው የቆሙት ሰዎችም፣ ከእሱ ጋር የሚስማሙት ጭምር፣ በዚህ ይቀየሙታል። ትክክል ሆኖ ባለጌ መባል ለዚህ ዕድሜ አንባቢ በጣም ቅርብ የሆነ ሕመም ነው።

ራስ በር

ስለ አዛዡ ክፋት መልስ ስላልተሰጠ ባጭሩ፦ በአንድ ነገር እውነት ይኑራቸው፤ ያም ነገር ትልቅ ይሁን።

እውነታቸው ይህ ሊሆን ይችላል። ሌባ ካልታወቀ ሰፈር ከሰፈር ይጠራጠራል፣ ጥርጣሬ ወደ ቂም፣ ቂም ወደ ደም ይሄዳል። ሌላው አማራጭ አፈርሳታ ነው፤ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱም ወደ እርሻውም እንዳይሄድ የሚደረግበት። አዛዥ ክንፉ «አንድ ቤት ይከፍላል፣ መቶ ቤት ያድራል» ይበሉ። ደግሞ ያምኑበት። በአዝመራ ወቅት አገር ሜዳ ላይ ሲከርም ያዩ ሰው ይሁኑ፤ ግን ይህን እንደ ምልሰት ሦስት ገጽ አትዘርጊው፣ በንግግር መሃል በሁለት ዓረፍተ ነገር ይለፍ። የልጅነት መከራ ዘርዝሮ ክፉን ሰው ማስረዳት ዛሬ በጣም የበዛ መንገድ ነው፤ ሰበብ ይሰጣል እንጂ ሐሳብ አይሰጥም። አዛዡ የሚያስፈልጋቸው ሐሳብ ነው። ይትባረክ በክርክር ይሸነፍላቸው፤ ምዕራፍ 16 ላይ መልስ አጥቶ ይውጣ። መልሱ ኋላ በድርጊት ይመጣል።

የከተማይቱን ታሪክም አስቢው። ቀዳማዊ ኢያሱ በ1706 እ.ኤ.አ. ሲገደሉ ዙፋኑ ላይ የነበረው ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነበር፤ «ርጉም» የሚለው ቅጽል የወጣለት በዚህ ነው። እሱም በ1708 ተገደለ። ይህን ታሪክ በፋንታሲ ካባ አልብሰሽ አምጪው ማለቴ አይደለም፤ «ርጉም» የሚል ስም የተሰጠው ሰው ያን ስም ከመሸከሙ በፊት በነበሩት ቀናት ምን እያሰበ ነበር ብሎ መጠየቅ ግን ለአንቺ ሥራ ጥሩ ልምምድ ነው። ይትባረክም ከተማው የሚያወጣለት ስም ይኑረው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ግንቡን በመግለጽ ገጽ አትጨርሺ። ግንብ ታሪኩን አይሸከምልሽም። ከዚያ ይልቅ እጨጌ ቤትን ተጠቀሚበት። በጎንደር የእጨጌው፣ የመነኮሳቱ አለቃ፣ ሰፈር ሸሽቶ የገባ ሰው የማይያዝበት መጠጊያ ነበር። በአንቺ ከተማም እንዲህ ያለ ሰፈር ይኑር፤ ውዴ ሸሽታ ትግባበት። ሌባዋ በደኅና ተቀምጣ ንጹሑ ሲቀጣ፣ ይትባረክ በሯ ላይ ቆሞ «ውጪ» ማለትና አለማለት ይኖርበታል። ጥሩ ሕግ መጥፎ ነገር ሲያስጠልል ማየት ልጆችን በጣም ያነጋግራቸዋል።

ቀሓ ዳር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የግሶቹ ነገርና የአንቱታው ነገር ዓይኔን ገለጠልኝ። ቀጸላ ሴት ልጅ አላቸው፤ እስካሁን ስም እንኳ አልሰጠኋትም ነበር፤ አሁን እሰጣታለሁ። የቀረኝ መጨረሻው ነው። ይቅርታው ይቅር ካላችሁ በምን ልዝጋው? በላዔ ሰብእን እያሰብኩ ነበር የጻፍኩት፤ 78 ነፍስ በልቶ በእመቤታችን ስም ለጠየቀው ድውይ በሰጠው እፍኝ ውሃ ዳነ። ልጅ ሆኖ ያን ሥዕል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያየ አንባቢ እዚህ አገር ብዙ ነው። ይትባረክም እንዲያ እንዲድን ፈለግኩ።

ሰሜን ነፋስ

ፍላጎትዎ የሚከበር ነው። ግን ሥዕሉን አንድ ጊዜ ይመልከቱት። ሚዛኑን የሚይዘው ማን ነው? በበላዔ ሰብእ ታሪክ ምሕረቱ የሚመጣው ከላይ ነው፤ እመቤታችን ናት ጥላዋን ሚዛኑ ላይ የምታሳርፈው። ከተበሉት 78ቱ አንዱ መጥቶ «ይቅር ብዬሃለሁ» እንዲል አልተጠየቀም። እርስዎ ግን ያንን ሸክም ያስቀመጡት በቀጸላ ላይ፣ ያውም አደባባይ መሃል፣ ሕዝብ እያየ ነው። «ይቅር አልልም» ቢሉ ምን ይባላሉ? እጃቸውን ከወሰደ በኋላ ከተማው ይቅርታቸውንም ሊወስድ ነው።

ሁለቱን ይለያዩአቸው። ምሕረት ለነፍሱ ነው፤ ለዚያ የንስሐ አባቱ አሉለት። ምዕራፍ 12 ላይ ይናዘዝ። ካህኑ ምስጢሩን ማውጣት አይችሉም፤ ቀኖና ይሰጡታል፤ «የወሰድከውን መልስ» ይሉታል። እጅ እንዴት ይመለሳል? ከዚህ ጥያቄ ጋር 12 ምዕራፍ ሙሉ ይሂድ። በአደባባይ የሚናገረው ለመዳን ሳይሆን የቀጸላን ስም ለመመለስ ይሁን፤ ስለዚህ ንግግሩ «ተጸጽቻለሁ» ከማለት ይልቅ ፍሬ ነገሩን ይዘርዝር፦ በየትኛው ቀን፣ ሽታው ወዴት እንደሳበው፣ ለምን እንደዞረ። ውዴንም በስሟ ይጠራል፤ ያ ነው ዋጋው።

ለመዝጊያው፣ ይትባረክ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ሄዶ መዶሻ አንሺ ይሁን። ቀጸላ ይቅር አይሉትም፤ «ምታ» ይሉታል። ከዚያ በላይ አያናግሩት።

እንኮዬ በር

እዚህ ላይ አልስማማም። መዶሻው የልጅቷ ነው። ከምዕራፍ 11 ጀምሮ ማጭድ እየሰነጠቀች የተማረች ልጅ መጨረሻ ላይ ለበዳዩ ቦታ እንድትለቅ ከተደረገ፣ መጽሐፉ ከተበዳዮቹ ቤት ሁለተኛ ነገር ወስዶ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ሰጠ ማለት ነው። እሱ ወናፍ ይንፋ። ዝቅተኛው ሥራ እሱ ነው፣ ዕውቀትም አይጠይቅም፤ እሷ ስታዘው ይንፋ፣ ስታዘው ይቁም። ከእኔ ቢጠየቅ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረውም እሷ ናት፤ ስለ ብረቱ እንጂ ስለ ይትባረክ መሆን የለበትም።

ሰሜን ነፋስ

ትክክል ነው። ወናፉ ይሻላል።

የአዘዞ ልጅ

ወደ ሥራ ስትገቢ በዚህ ቅደም ተከተል ብትሄጂ ድካም ይቀንስልሻል። መጀመሪያ ምዕራፍ 9ን አትሚውና ይትባረክ ባለቤት የሆነበትን እያንዳንዱን ግስ በቀይ፣ የደረሰበትን በሰማያዊ አስምሪ። ከመውደቁ በፊት ባሉት ሁለት ገጾች ሰማያዊው ከበለጠ እንደገና ጻፊው። ቀጥለሽ ምዕራፍ 2ን እና 5ን ለዚያ አስተካክዪ፤ ከፊት ጀምረሽ አትምጪ፣ ሦስቱ መውደቆች ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚወስነው ሦስተኛው ነው። የአንቱታውን ለውጥ በመጨረሻ አድርጊው፣ ፈላጊና ተኪ በሚለው ትእዛዝም እንዳትሠሪው፤ «አለ» የሚለው ቃል መኖርንም ስለሚያመለክት ኮምፒውተሩ «ከሰል አለ»ን «ከሰል አሉ» ያደርግልሻል። በዓይንሽ፣ ገጽ በገጽ ሂጂ። በቀጸላ ላይ ብቻ ሳይሆን በሚስታቸውም ላይ እንዳትረሺ፤ እሳቸውም «መጣች» ከነበሩ «መጡ» መሆን አለባቸው፣ ግን ከባላቸው አንድ ምዕራፍ ዘግይተው። ይትባረክ እሳቸውን ለማየት ተጨማሪ ጊዜ ቢወስድበት ያሳምናል።

ውዴን ደግሞ ለምን እንደሰረቀች ገና አልነገርሽንም። 12 አሞሌ ለረሃብ ብዙ ነው፤ ለጥሎሽ ወይም ለዕዳ ይመስላል። እሱን ሳትወስኚ የእጨጌ ቤቱን ምዕራፍ አትጀምሪ።